ኦብዘርቨር ፓተርን፦ መመዝገቡ ቀላል ነው፣ ጣጣው መሰረዙ ላይ ነው

ኮምቦልቻ ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሳሙና በጅምላ ለሚያከፋፍሉ አንድ ነጋዴ የሽያጭ ሶፍትዌር ሰርቼላቸው ነበር፣ መጋዘናቸው ኮምቦልቻ ነው፣ አንድ ሱቅ ደግሞ ደሴ ፒያሳ አላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው እኔም እንደዛው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር ቀላል ነበር፣ ዋጋ ስቀይር ካሸሯ ጋ ያለው ስክሪን ላይም ይቀየር አሉኝ፣ ሰራሁላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ደሴ ያሉት ልጆች እኮ በድሮው ዋጋ እየሸጡልኝ ነው፣ እነሱ ጋም ይድረስ እንጂ።» እሺ ሀጂ ብዬ ጨመርኩ። ከዛ ለቋሚ ደንበኞች ኤስኤምኤስ ይሂድ አሉ፣ ጨመርኩ። ከዛ ሂሳብ ሰራተኛዋ ዋጋው መቼ ከስንት ወደ ስንት እንደተቀየረ ታሪኩ ይቀመጥልኝ አለች፣ እሱንም ጨመርኩ።

ኮዱ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። እዚህ የምጽፈው በአማርኛ ቃላት ነው፣ ፓይተን 3ም ጃቫም የክላስና የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል ብትጽፉ ይቀበሏችኋል፣ ቁልፍ ቃላቱን ብቻ እናንተ በምትሰሩበት ቋንቋ ቀይሯቸው።

ክላስ ዕቃ:
    ዋጋ_ቀይር(አዲስ):
        ዋጋ = አዲስ
        ካሸር_ስክሪን.አድስ(አዲስ)
        ደሴ_ሱቅ.ላክ(አዲስ)
        ኤስኤምኤስ.በትን(አዲስ)
        ታሪክ.ጻፍ(አዲስ)

ይሰራል። ግን እስቲ አንዴ ረጋ ብላችሁ እዩት። ዕቃ የሚለው ክላስ ስራው ምንድነው? የአንድን ዕቃ ስምና ዋጋ መያዝ ነው። አሁን ግን ስለ ስክሪን ያውቃል፣ ደሴ ሱቅ እንዳለ ያውቃል፣ ኤስኤምኤስ በየት በኩል እንደሚላክ ያውቃል፣ ሂሳብ ክፍሉ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ሀጂ አንድ ነገር ባሰቡ ቁጥር እኔ የምከፍተው ይሄንኑ ፋይል ነው፣ ሲሰራ የኖረውን ኮድ እየነካካሁ ማለት ነው። ቴስት ላድርገው ብል ደግሞ ዋጋ መቀየሩን ለማየት ብቻ ኤስኤምኤሱም ሱቁም አብሮ መኖር አለበት። አንድ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ የኤስኤምኤሱ መስመር ኤረር ሲሰጥ ከሱ ስር ያለው የታሪክ መስመር ሳይሰራ ቀረ፣ ዋጋው ተቀይሯል ታሪኩ ግን የለም፣ ሂሳብ ሰራተኛዋ ወር መዝጊያ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሌጀር ስታገላብጥ ቆየች። የኤስኤምኤስ ችግር የሂሳብ ችግር የሆነው ሁለቱን አንድ ሜተድ ውስጥ ስላሰርኳቸው ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ነው ኦብዘርቨር ፓተርን የሚባለው መፍትሄ ያለው፣ ፓተርን ማለት ደጋግሞ ለሚመጣ የኮድ ችግር የተለመደ የአሰራር ንድፍ ነው። ወሎ ላደገ ሰው ይሄን ለማስረዳት ቅሬ ይበቃል፣ ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው። ሰው ሲሞት ለፋፊው ሰፈሩን እየዞረ እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው ይላል፣ በቃ። ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ መቃብሩን ማን እንደሚቆፍር፣ ንፍሮውን ማን እንደሚቀቅል እሱ አይናገርም፣ ስራውም አይደለም። የሰማው ሁሉ የየራሱን ያውቃል። ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ሰው ገብቶ ቅሬ ቢገባ ለፋፊው አዲስ ነገር አይማርም፣ መዝገቡ ላይ ስም ይጨመራል እንጂ የልፈፋው መንገድ አይቀየርም።

ኮድ ላይም ልክ እንዲሁ ነው። የሚቀየረው ነገር፣ እዚህ ጋ ዕቃው፣ ሰብጀክት ይባላል። ለውጡን መስማት የሚፈልጉት ኦብዘርቨር ይባላሉ፣ እኔ ተከታይ እላቸዋለሁ ምክንያቱም ፔጅ ፎሎው ማድረግን ሁላችንም እናውቃለን። ሰብጀክቱ ጋ ያለው አንድ ሊስት ብቻ ነው። ሊስቱ ውስጥ ማን እንዳለ በስም አያውቅም፣ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ እዚህ ሊስት ውስጥ ያለ ሁሉ «ዋጋ ተቀየረ» ብዬ ብጠራው ይሰማኛል። ያቺ ቃል ኪዳን ናት ኢንተርፌስ የምትባለው።

ኢንተርፌስ ተከታይ:
    ዋጋ_ተቀየረ(ዕቃ, አዲስ)

ክላስ ዕቃ:
    ተከታዮች = []

    መዝግብ(ተ):
        ተከታዮች.ጨምር(ተ)

    ሰርዝ(ተ):
        ተከታዮች.አውጣ(ተ)

    ዋጋ_ቀይር(አዲስ):
        ከሆነ አዲስ == ዋጋ: ተመለስ
        ዋጋ = አዲስ
        አሳውቅ()

    አሳውቅ():
        ለእያንዳንዱ ተ ከ ተከታዮች:
            ተ.ዋጋ_ተቀየረ(ይህ_ዕቃ, ዋጋ)

እያንዳንዱ ተከታይ ደግሞ የራሱ ክላስ ነው፦

ክላስ ካሸር_ስክሪን ተከታይ ነው:
    ዋጋ_ተቀየረ(ዕቃ, አዲስ):
        ስክሪን_ላይ_ጻፍ(ዕቃ.ስም, አዲስ)

ክላስ ታሪክ_ጸሐፊ ተከታይ ነው:
    ዋጋ_ተቀየረ(ዕቃ, አዲስ):
        ዳታቤዝ.አስቀምጥ(ዕቃ.ስም, አዲስ, አሁን())

ፕሮግራሙ ሲነሳ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ታገናኟቸዋላችሁ፣ ዘይት.መዝግብ(ካሸር_ስክሪን)፣ ዘይት.መዝግብ(ታሪክ_ጸሐፊ) እያላችሁ። አለቀ፣ ፓተርኑ ይሄው ነው። ዕቃ የሚለውን ክላስ ተመልሳችሁ እዩት፣ ስክሪን የሚል ቃል የለበትም፣ ደሴ የሚል የለበትም፣ ኤስኤምኤስ የሚል የለበትም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ስሙን ተክሎ ያስቀመጠው ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲደስ በፈረንጆቹ 1994 ያወጡት የዲዛይን ፓተርኖች መጽሐፍ ነው፣ እዛ ውስጥ ካሉት 23 ፓተርኖች አንዱ ነው፣ ግን ሃሳቡ ከዛ በፊት ስሞልቶክ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ነበር። ትሪግቬ ሪንስካውግ የሚባል ኖርዌያዊ በ1979 ዜሮክስ ፓርክ የሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ኤምቪሲን፣ ዳታውንና ማሳያውን ለያይቶ የመጻፍ ዘዴን ማለት ነው፣ ሲያስብ ጥያቄው የኛው ጥያቄ ነበር፣ አንድ ዳታ አለ፣ እሱን በተለያየ መልክ የሚያሳዩ ብዙ ስክሪኖች አሉ፣ ዳታው ስክሪኖቹን ሳያውቃቸው እንዴት አብረው ይታደሱ። ዛሬ ጃቫስክሪፕት ላይ አድ ኢቨንት ሊስነር ስትሉ፣ ሲ ሻርፕ ላይ ኢቨንት ስትሉ፣ ኪውት ላይ ሲግናልና ስሎት ስትሉ ይሄንኑ ነው የምትጠቀሙት፣ ብዙ ሰው ስሙን ሳያውቅ በየቀኑ ይጽፈዋል።

ጃቫ የምትማሩ ልጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። ጃቫ ከመጀመሪያው ከ1996ቱ ቨርዥን ጀምሮ ኦብዘርቨር የሚባል ኢንተርፌስና ኦብዘርቫብል የሚባል ክላስ አብሮት ነበር፣ እስካሁን እሱን የሚያስተምር ሃንድአውት አያለሁ። ጃቫ 9 ላይ በ2017 ዴፕሪኬትድ ተደርጓል፣ ከእንግዲህ አትጠቀሙበት ተብሏል ማለት ነው። ዋናው ችግር ኦብዘርቫብል ክላስ መሆኑ ነው፣ ጃቫ ላይ አንድ ክላስ መውረስ የሚችለው ከአንድ ክላስ ብቻ ስለሆነ ዕቃ ከኦብዘርቫብል ከወረሰ ከሌላ መውረስ አይችልም፣ በዛ ላይ ምን እንደተቀየረ በዝርዝር አይነግርም፣ ጥሪው በምን ቅደም ተከተል እንደሚደርስም ዋስትና የለውም። ስለዚህ ፈተና ላይ ቢመጣ እወቁት፣ ስራ ላይ ግን ከላይ እንዳሳየሁት የራሳችሁን ትንሽ ኢንተርፌስ ጻፉ ወይ ፕሮፐርቲ ቼንጅ ሊስነርን ተጠቀሙ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የትም ቦታ ታገኙታላችሁ። እኔ ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት ከዚህ በኋላ ላለው ነው፣ ምክንያቱም ፓተርኑን የሚያስተምሩን መዝግብ የሚለውን ሜተድ በደንብ አሳይተው ሰርዝ የሚለውን ለሙላት ያህል ጽፈው ያልፉታል፣ በአብዛኛው ምሳሌ ላይ ሰርዝን የሚጠራው ሰው እንኳን የለም። የሚያቃጥለው ግን እሱ ነው።

ኮዱን ወደ ኦብዘርቨር ቀይሬ ደስ ብሎኝ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ማታ ሀጂ ደወሉ። ድምፃቸው ላይ ንዴት ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር። «ልጄ፣ ዛሬ የዘይት ዋጋ ቀይሬ ነበር፣ ደንበኞቼ ሁሉ እየደወሉ ነው፣ አንዱን መልእክት 11 ጊዜ ደረሰን ይላሉ፣ ምን ሆኖ ነው?» በማግስቱ በጠዋት ከደሴ ወጣሁ፣ ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለው ሐረጎ ላይ ጉሙ ሚኒባሱን እንደ ኤሊ አስኬደው፣ እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ኮዱን አያለሁ። ኮምቦልቻ ስደርስ ችግሩን አግኝቼው ነበር።

የዋጋ መቀየሪያ ፎርም አለ። ፎርሙ ሲከፈት አዲስ የኤስኤምኤስ ላኪ ኦብጀክት ይፈጥርና ዕቃው ላይ ያስመዘግበዋል፣ እንደዛ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ፎርሙ ሲዘጋ ግን ላኪውን የሚሰርዝ መስመር የለም። ካሸሯ ያን ቀን ዋጋ ለማየት እየከፈተች ስትዘጋ ውላለች፣ 10 ጊዜ፣ 11ኛውን ሀጂ ራሳቸው ዋጋ ሊቀይሩ ከፈቱት። መስኮቱ ከስክሪን ላይ ጠፍቷል፣ ለሷም ለእኔም የጠፋ ነው የሚመስለን፣ ሊስቱ ውስጥ ግን 11 ላኪ ተሰልፎ ተቀምጧል። ሀጂ ማታ ዋጋውን አንዴ ሲነኩት 11ዱም ሰሙ፣ 11ዱም ላኩ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፣ እኛ እኮ ጋርቤጅ ኮሌክተር ያለው ቋንቋ ነው የምንጠቀመው፣ የማይፈለገውን ኦብጀክት ራሱ ያጠፋዋል ይላል። ጋርቤጅ ኮሌክተር የሚያጠፋው ማንም ያልያዘውን ነው። የዘይቱ ሊስት ላኪዎቹን ይዟቸዋል፣ ዘይት የሚለው ኦብጀክት ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ይኖራል፣ እሱ እስካለ እነሱም አሉ፣ ላኪው ፎርሙን የሚጠቅስ ከሆነ ደግሞ ፎርሙም ከነቁልፎቹ ከነቴብሉ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። ይሄ ችግር ላፕስድ ሊስነር የሚል ስም አለው። በቅሬ ቋንቋ ሰውየው ከደሴ ለቆ ሄዷል፣ ስሙ ግን መዝገቡ ላይ አለ፣ መዋጮ ይቆጠርበታል፣ ቀብር ቀረ ተብሎ ይቀጣል።

ከሆነ ተ ሊስቱ ውስጥ ካለ አትጨምር ብል አይፈታም ወይ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፣ እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነበር። አይፈታም። 11ዱ ላኪዎች አንድ አይነት ስራ ይሰራሉ እንጂ 11 የተለያዩ ኦብጀክቶች ናቸው፣ ሊስቱ ውስጥ ተፈልገው አይገኙም፣ ስለዚህ ሁሉም ይገባሉ።

የሰራው መፍትሄ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ዕድሜያቸውን ማስተካከል፣ ኤስኤምኤስ መላክ የፎርሙ ስራ አይደለም የድርጅቱ ስራ ነው፣ ስለዚህ ላኪው ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዴ ይመዘገባል አለቀ። ሁለተኛ የእውነት ከፎርም ጋር የሚወለዱና የሚሞቱ ተከታዮች ካሉ፣ ለምሳሌ ፎርሙ ላይ ያለው የዋጋ ጽሁፍ፣ ፎርሙ ሲዘጋ መሰረዝ አለባቸው። ይሄን እንዳልረሳ ያደረገኝ ዘዴ መዝግብ የሚለው ሜተድ መሰረዣውን ራሱን እንዲመልስልኝ ማድረግ ነው፦

መዝግብ(ተ):
    ተከታዮች.ጨምር(ተ)
    መልስ ፈንክሽን(): ተከታዮች.አውጣ(ተ)

ፎርሙ ሲከፈት:
    መውጫ = ዘይት.መዝግብ(የዋጋ_ጽሁፍ)

ፎርሙ ሲዘጋ:
    መውጫ()

እንዲህ ሲሆን የገባ ሰው መውጫውን በእጁ ይዞ ነው የሚገባው። ዶት ኔት ላይ ያለው አይ ኦብዘርቫብል የሚባለው ኢንተርፌስም ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፣ ስትመዘገቡ ስትጨርሱ ዲስፖዝ ብላችሁ የምትሰርዙበት ነገር ይሰጣችኋል። በተለይ ስም የሌለው ፈንክሽን፣ ላምዳ የምንለውን፣ የምታስመዘግቡ ከሆነ ይሄ ዘዴ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ጃቫስክሪፕት ላይ ሪሙቭ ኢቨንት ሊስነር ብላችሁ ያንኑ ላምዳ ደግማችሁ ብትጽፉለት አይሰርዝላችሁም፣ ምክንያቱም ጽሁፉ አንድ ይሁን እንጂ ኦብጀክቱ ሌላ ነው፣ ኤረርም አይሰጣችሁም ዝም ይላል። መጀመሪያ ያስመዘገባችሁትን ራሱን ይዛችሁ መቆየት አለባችሁ።

ዊክ ሬፈረንስ የሚባልም አለ፣ ፓይተን ላይ ዊክሬፍ ሞጁል ውስጥ ዊክሴት ታገኛላችሁ፣ ሊስቱ ተከታዩን ሳይዘው እንዲያውቀው ያደርጋል፣ ሌላ የሚይዘው ሲጠፋ ከሊስቱም ይወጣል። ጥሩ ነው፣ ግን እኔ እንደ ሁለተኛ ቀበቶ ነው የማየው፣ ምክንያቱም መቼ እንደሚወጣ እናንተ አትወስኑም፣ በመሀል ዋጋ ከተቀየረ የተዘጋው ፎርም ገና ሊሰማ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ፓይተን ላይ የአንድ ኦብጀክት ሜተድን በተራ ዊክ ሬፈረንስ ብታስቀምጡ ወዲያው ይሞታል፣ ሜተዱ በተጠራ ቁጥር አዲስ የሚፈጠር ጊዜያዊ ነገር ስለሆነ፣ ለዛ ዊክ ሜተድ የሚባል ለብቻው ተሰርቶለታል።

ሌላው መሰረዝ የሚያመጣው ጣጣ ጊዜው ነው፣ ልፈፋው በመሀል ላይ እያለ አንዱ ልውጣ ሲል። አንዴ ብቻ ሰምቶ የሚወጣ ተከታይ የተለመደ ነገር ነው፣ «ስኳር ዋጋው ሲቀንስ አንዴ ንገሩኝ» የሚል ደንበኛ አስቡ። ሊስቱ ውስጥ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አሉ እንበል። ፎር ሉፑ ሀን ጠራ፣ ከዛ ለን ጠራ፣ ለ ሰምቶ ራሱን ሰረዘ። ሊስቱ አሁን ሀ፣ ሐ፣ መ ሆነ፣ ሐ ወደ ለ ቦታ ተጠጋ። ሉፑ ግን ሁለተኛውን ጨርሻለሁ ብሎ ሶስተኛውን ይጠራል፣ ሶስተኛው መ ነው። ሐ ሳይሰማ ቀረ። ፓይተን ይሄን ሲያደርግ ምንም አይናገርም። ጃቫ ላይ አሬይ ሊስት ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮንከረንት ሞዲፊኬሽን ኤክሰፕሽን ብሎ ይጮህላችኋል፣ መጮሁ ይሻላል። መድኃኒቱ ከሊስቱ ኮፒ ላይ መዞር ነው፣ ጃቫ ኮፒ ኦን ራይት አሬይ ሊስት የሚባል ለዚሁ የሚመች ሊስት አለው፣ ተከታይ መግባት መውጣቱ ትንሽ ጥሪው ብዙ ሲሆን ልክ ነው።

ያቺን የኤስኤምኤስ ኤረርም አንርሳት። ኦብዘርቨር ስላደረግነው ብቻ አትጠፋም፣ ሉፑ ውስጥ አንዱ ኤክሰፕሽን ከወረወረ ከሱ በኋላ ያሉት አይሰሙም፣ በፊት የነበረው ችግር ያው ነው። ስለዚህ አሳውቅ የሚለው እንዲህ ይሁን፦

አሳውቅ():
    ለእያንዳንዱ ተ ከ ኮፒ(ተከታዮች):
        ሞክር:
            ተ.ዋጋ_ተቀየረ(ይህ_ዕቃ, ዋጋ)
        ስህተት_ከመጣ ስ:
            ሎግ.ጻፍ(ተ, ስ)

ሎግ ማድረጉን አትዝለሉት፣ ያዝ አድርጎ ዝም ማለት ሌላ በሽታ ነው።

ኦብዘርቨር ሲባል ደግሞ በራሱ ከጀርባ ጎን ለጎን የሚሰራ የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም። ተራ ሜተድ ጥሪ ነው፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። ኤስኤምኤሱ 30 ሰከንድ ከፈጀ ሀጂ ሴቭ የሚለውን ተጭነው 30 ሰከንድ ስክሪን ያያሉ። ቀስ ያለ ስራ ያለው ተከታይ ሲጠራ ስራውን ወረፋ ላይ አስቀምጦ ወዲያው ይመለስ፣ መላኩን ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ትሬድ ይጨርሰው። ሐረጎ ላይ መኪና ተበላሽቶ የቆመ እንደሆነ መናኸሪያ ያለው ሁሉ ለምን ይቆማል?

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝን ልንገራችሁ፣ ቁጥሩን እያያችሁ ተከተሉኝ። ሳሙና በፍሬም በጥቅልም ይሸጣል፣ ጥቅሉ 3 ፍሬ ነው። የጥቅሉ ዋጋ ሲቀየር የፍሬው ለ3 ተካፍሎ ይቀየር፣ የፍሬው ሲቀየር የጥቅሉ በ3 ተባዝቶ ይቀየር አልኩ፣ ሁለት ተከታይ እርስ በርስ የሚሰማሙ ማለት ነው። ሀጂ ጥቅሉን 100 ብር አሉት። አካፋዩ ሰማና ፍሬውን 33.33 አደረገው። ፍሬው ተቀየረ ስለተባለ አባዢው ሰማና ጥቅሉን 99.99 አደረገው። ጥቅሉ ስለተቀየረ እንደገና ልፈፋ፣ አካፋዩ 33.33 አለ፣ ያው ስለሆነ ተመለሰ፣ እዛ ላይ ቆመ። «አዲስ == ዋጋ ከሆነ ተመለስ» የምትለዋ መስመር ባትኖር ኖሮ አይቆምም ነበር።

ቆመ እንጂ ሁለት ነገር ተበላሽቷል። 100 ያሉት 99.99 ሆኗል፣ ይሄ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ግልጽ ያልሆነው ነው። ስክሪኑ በሊስቱ ላይ ከአካፋዩ ቀጥሎ ነው የተመዘገበው። የመጀመሪያው ልፈፋ አካፋዩን ጠርቶ እሱ ሳይጨርስ ነው ሁለተኛው ልፈፋ ውስጥ የገባነው፣ ሁለተኛው ልፈፋ ለስክሪኑ 99.99 አለው፣ ጨርሶ ተመለሰ፣ ከዛ የመጀመሪያው ልፈፋ ካቆመበት ቀጥሎ ስክሪኑን ጠራና 100 አለው፣ አሳውቅ ከመዞሩ በፊት አዲሱን ዋጋ አስቀምጦ ይዞ ከነበረ ማለት ነው። ዕቃው ራሱ 99.99፣ ስክሪኑ 100። አሮጌው ወሬ ከአዲሱ በኋላ ደረሰ።

ለዚህ ነው ፑሽና ፑል የሚባለው ልዩነት እንዲሁ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ያልሆነው። ፑሽ ማለት ሰብጀክቱ እሴቱን ራሱን አሸክሞ ሲልክ ነው፣ ፑል ማለት ተቀይሬያለሁ ብቻ ብሎ ተከታዩ መጥቶ ሲያነብ ነው። ስክሪኑ በተጠራ ቁጥር ዕቃ.ዋጋ ብሎ ራሱ ቢያነብ ሁለቱንም ጊዜ 99.99 ነበር የሚያየው። ስለዚህ የእኔ ምርጫ፣ የአሁኑን ሁኔታ ለሚያሳይ እንደ ስክሪን ላለው ፑል፣ የሆነውን ነገር ለሚመዘግብ እንደ ታሪክ ጸሐፊው ላለው ፑሽ፣ ከስንት ወደ ስንት የሚለው ከነሰዓቱ ያስፈልገዋላ። የሳሙናውን ግን ፑል አላዳነውም፣ 99.99 ያው 99.99 ነው፣ እሱን ያስተካከልኩት ክቡን በመስበር ነው፣ የጥቅሉ ዋጋ ዋና ሆነ፣ የፍሬው ከሱ የሚሰላ ብቻ ሆነ።

መቼ አትጠቀሙበት? ሰሚው አንድ ብቻ ከሆነና ሁሌም አንድ ከሆነ በቀጥታ ጥሩት፣ ኢንተርፌስም ሊስትም አያስፈልግም። ኦብዘርቨር ዋጋ ያስከፍላል፣ ዋጋ_ቀይርን አንብባችሁ ከዛ በኋላ ምን እንደሚሆን ኮዱ ላይ አይታይም፣ ዲበገር ይዛችሁ ማን እንደተመዘገበ ማሳደድ ነው። ለዛ ብዬ ነው ምዝገባውን ሁሉ አንድ ፋይል ላይ የሰበሰብኩት፣ ማን ምን እንደሚሰማ ማወቅ የፈለገ እሱን ይከፍታል።

ባለፈው ወር ሀጂ አስጠሩኝ፣ ዋጋው ቴሌግራም ቻናል ላይም ይለጠፍ አሉ። ቴሌግራም_ለጣፊ የሚል አንድ ክላስ ጻፍኩ፣ የምዝገባው ፋይል ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ዕቃ የሚለውን ፋይል አልከፈትኩትም። እዛው መጋዘኑ ውስጥ የስኳር ከረጢት ላይ ተቀምጠን ሞከርነው። ሀጂ የዱቄቱን ዋጋ ቀየሩና ስልካቸውን አውጥተው ቻናሉን ከፈቱ፣ መልእክቱ ገባ። ስልኩን አላስቀመጡትም፣ ትንሽ ጠበቁ፣ ወደላይ ወደታች አሉት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው አይደል የሚመጣው?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሀጂ፣ አብሽር።»